የሃይፖ ፍርሃት ምንድን ነው?

አሁንስ በዛ። ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር አንድ «አማካሪ» ብቅ ይልና ዓይነት አንድ ስኳር ያለባቸውን ሰዎች «የሃይፖ ፍርሃት ጭንቀት ብቻ ነው፣ ረጅም ትንፋሽ ውሰዱ፣ ያልፋል» ይላቸዋል። ከሥር ደግሞ አንዱ «የእምነት ማነስ ነው» ብሎ ያክልበታል። አቦ ተዉና! እኔ ድሬዳዋ ውስጥ የስኳር ክትትል ላይ የምሠራ ነርስ ነኝ። ስኳሩ 48 ላይ ሆኖ ትንፋሽ ሲቆጥር የቆየ ሰው በመጨረሻ የሚመጣው ወደ እኛ ነው።

ሃይፖ የደም ስኳር ከ70 (ሚሊግራም በዴሲሊትር፤ ቁጥሮቼ ሁሉ በዚህ ናቸው) በታች ሲወርድ ነው፤ ከ54 በታች ከሆነ ከባድ ነው። የሃይፖ ፍርሃት ደግሞ «በእንቅልፌ ቢመጣብኝስ? መንገድ ላይ ቢጥለኝስ?» የሚለው ስጋት ነው። ከሜዳ አልተነሳም። ኢንሱሊን ያኖራል፤ መጠኑ ሲበዛ ወይም ምግብ ሲዘገይ ግን ይጥላል። አንዴ የወደቀ ሰው ቢፈራ ምን ይገርማል?

ችግሩ ምልክቱ ላይ ነው። ስኳር ሲወርድ ሰውነት አድሬናሊን ይለቃል። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ድው ድው ይላል፣ ላብ ያሰጥማል። ሰው ሲጨንቀውም የሚለቀቀው ያው አድሬናሊን ነው። እንኳን በቪዲዮ የሚመክረው ሰውዬ፣ እኔም ፊት ለፊት አይቼ አልለየውም።

ድሬዳዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው አስቡ። ወንዙ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ደጋው ላይ የዘነበው ነው በሌሊት የሚደርሰው። የ1998ቱ የክረምት ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ከዚያ ወዲህ ሌሊት ሲኖትራክ ሲያጓራ ብድግ የሚልን ሰው ፈሪ ትሉታላችሁ? «ተኛ፣ ምንም የለም» ማለት አይረዳውም። በየሌሊቱ ልጆቹን ተሸክሞ መሮጥም አያኖረውም። ባትሪ አብርቶ ወንዙን ማየት ነው ያለበት። የእኛ ባትሪ ግሉኮሜትሩ፣ የስኳር መለኪያው ነው።

ምሳሌውን ትንሽ ልግፋበት። ጎርፉን ሸሽቶ ገደል አፋፍ ላይ ቤት የሚሠራም አለ። ማታ ማታ ኢንሱሊን እየቀነሰ «250 ላይ ስተኛ ሰላም ይሰማኛል» የሚለኝ ታካሚ እሱ ነው። ዓመታት ሲቆጠሩ ዓይኑና ኩላሊቱ ይከፍላሉ። መርፌውን ጭራሽ ከዘለለ ደግሞ ዓመት አይጠብቅም፤ ኬቶአሲዶሲስ (ኢንሱሊን ሲጠፋ ደም አሲድ የሚሆንበት አደጋ) በቀናት፣ አንዳንዴም በሰዓታት ይመጣል።

ሃይፖ የተደጋገመበት ሰው ደግሞ ጎርፉን መስማት ያቆማል። ሳይንቀጠቀጥ በቀጥታ ይደነዝዛል። በዚህ ላይ «ለልብ ምት» ብሎ ከጎረቤት ፕሮፕራኖሎል ተውሶ የሚውጥ አለ። ኪኒኑ መንቀጥቀጡንና የልብ ምቱን ይደብቃል፤ ላቡ ብቻ ይቀራል። በድሬ ሙቀት ደግሞ ላብን ማን ይጠረጥራል!

ጫቱንም አልዘለውም። በርጫ ላይ ልብ ቢመታ ጫቱ ሊሆን ይችላል። ግን ጫት ምግብ ያስረሳል፣ ጠዋት የተወጋችሁት ኢንሱሊን ደግሞ ሥራውን አያቆምም። «ምርቃና ነው» የተባለው ሃይፖ ሆኖ ሲገኝ አይቻለሁ።

ስለዚህ መጀመሪያ ለኩ። ጣታችሁን ታጠቡ፣ ማንጎ የላጠ ጣት የውሸት ቁጥር ያወጣል። ባጃጅ ውስጥ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ስትሪፕም (ደሙ የሚነካበት የመለኪያው ቁራጭ) አይታመንም። ከ70 በታች ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ፣ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ (ስኳር አልባው አይሆንም) ጠጡና ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ። ካልተነሳ ድገሙ። የሐረር ሐላዋ ይጣፍጣል፣ ግን ለዚህ አይሆንም፤ ቅባቱ ስኳሩን ያዘገየዋል። ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም አትስጡ፣ ወደ ጤና ተቋም አሩጡት።

ስትሪፕ ካለቀስ? እንደ ሃይፖ ቁጠሩት። ተሳስታችሁ ከሆነ ስኳራችሁ ለጥቂት ሰዓት ከፍ ይላል፣ በቃ።

ቁጥሩ 140 ሆኖ ከተንቀጠቀጣችሁ ያኔ የአማካሪው ትንፋሽ ቦታ አለው። ቁጭ በሉ፣ ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ፣ ለሰው ደውሉ። ስኳር አትላሱ፤ ጭንቀት ራሱ ጉበት ያከማቸውን ስኳር እያስለቀቀ ቁጥሩን ይሰቅለዋል። ለረጅም ጊዜ 300 ላይ የኖረ ሰው 140 ሲደርስ ሃይፖ የመሰለ ስሜት ሊሰማው እንደሚችልም እወቁ። ሰውነቱ ሲለምደው ይተወዋል።

ፍርሃቱ እንቅልፍ ከነሳችሁ ወይም ቀፊራ ገበያ ብቻችሁን መሄድ ካስተዋችሁ «ጭንቀታም ነኝ» ብላችሁ አትቀመጡ። ስኳሩ የወረደበትን ሰዓት፣ የበላችሁትንና የተወጋችሁትን መጠን በደብተር ጽፋችሁ ወደ ክትትላችሁ ሂዱ። ብዙ ጊዜ የማታው መጠን ሲስተካከል ፍርሃቱም አብሮ ይቀንሳል። ሌሊቱ ሰላም ሆኖም ፍርሃቱ ካልለቀቀ፣ ወደ አእምሮ ጤና ባለሙያ እንዲልኳችሁ ጠይቁ።