«ሰርቨር ጨምሩ» ለምን መፍትሔ አይሆንም?

አዲስ የኦንላይን ጌም ተለቆ ሰርቨሩ (ተጫዋቾቹን በኢንተርኔት የሚያገናኘው ኮምፒውተር) በወደቀ ቁጥር ያው ፍርድ ይሰማል፦ «ገንዘብ ሰስተው ነው! ሰርቨር አይጨምሩም?» የጌም ሰርቨር ሥራዬ ነውና ይህን መስማት ታክቶኛል።

ጨዋታው የሚካሄድበትን ሰርቨር መጨመር ቀላሉ ነገር ነው። ብዙውን ጊዜ ክላውድ ላይ፣ ማለትም ኮምፒውተር በኢንተርኔት ከሚያከራዩ ድርጅቶች፣ በደቂቃዎች ይከራዩታል። ጭንቁ ያለው መግቢያው ላይ ነው። ተጫዋቹ ሲገባ የይለፍ ቃሉ ይጣራል፤ ደረጃው፣ ዕቃዎቹና የጓደኞቹ ዝርዝር ከዳታቤዝ (ከመረጃ ማከማቻው) ይመጣሉ። ዳታቤዙ ደግሞ አንዱን ሰይፍ ለሁለት ሰው እንዳይሰጥ ለውጦቹን በቅደም ተከተል መመዝገብ አለበት። የጨዋታ ሰርቨር ሲጨመር ይህ ሥራ አይቀልለትም፤ ጭራሽ ጠያቂው ይበዛበታል። መግባት ያልቻለ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ደጋግሞ ይሞክራል።

የሠራሁበት አንድ ጌም በተለቀቀበት ምሽት የጨዋታ ሰርቨሮቹ ባዷቸውን ነበሩ ማለት ይቻላል። ሕዝቡ ሁሉ በር ላይ ቆሟል። አለቆቹ ግን «ጨምሩ፣ ጨምሩ» ይሉ ነበር። የገላገለን ተጫዋቾቹን ወረፋ ማስያዝና ጌሙ በራሱ ቶሎ ቶሎ እንዳይሞክር ማድረግ ነው።

ሄልዳይቨርስ 2 የተባለውን ጌም እዩ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ተወዳጅነቱ ከተጠበቀው በላይ ሲሆን፣ ሠሪዎቹ በአንድ ጊዜ የሚጫወቱትን በ450,000 ሰው ገደቡ። ቆይተው ወደ 700,000 አሳደጉት። ስኩዌር ኢኒክስ የተባለው ድርጅት ደግሞ በ2021 መጨረሻ ፋይናል ፋንታሲ 14 የተባለው ጌሙ ሲጨናነቅበት ሽያጩን ለጊዜው አቆመ። በቺፕ እጥረት የተነሳ የሚገዛ ሰርቨር እንደልብ አይገኝም ነበር። የሚሰስት ድርጅት ሽያጭ ያቆማል?

«ሲለቀቅ የወደቀ ጌም አበቃለት» የሚሉም አሉ። ይኸው ፋይናል ፋንታሲ 14 እ.ኤ.አ. በ2010 ወጥቶ ክፉኛ ተወቀሰ፤ በ2012 ተዘጋ፤ በ2013 እንደ አዲስ ተሠርቶ ተመለሰ።

«ፒንግ (መልእክት ሰርቨሩ ጋ ደርሶ እስኪመለስ የሚወስደው ጊዜ) የሚከፋው ሰርቨሩ ደካማ ስለሆነ ነው»? ሁልጊዜ አይደለም። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሰርቨሩ 10,000 ኪሎ ሜትር ከራቀ ደርሶ መልሱ ብቻ 100 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል።

«ቤታ ማለት በነጻ ቀድሞ መጫወት ነው»? ቤታ ጌሙ ከመለቀቁ በፊት የሚደረግ ሙከራ ነው። ያያችሁትን ስህተት አሳውቁ።

ጌም የምትሠሩ ልጆች፣ ከመልቀቃችሁ በፊት ሐሰተኛ ተጫዋቾችን በብዛት ልካችሁ መግቢያውን ፈትኑ። ዳታቤዙን ሆን ብላችሁ ለጊዜው አቁሙትና ሁሉም በአንዴ ሲመለስ ምን እንደሚፈጠር እዩ። ወረፋውን ቀድማችሁ ሥሩት፤ በለቀቃችሁበት ሌሊት ለመሥራት ጊዜ አይኖራችሁም። ከቻላችሁ መጀመሪያ በጥቂት አገሮች ብቻ ልቀቁት።