ስለ ዝላይና ስለ ቁመት ሜዳ ላይ የሚወሩ ስህተቶች

አራት ኪሎ አካባቢ አመሻሽ ላይ ባስኬት የሚጫወቱ ወጣቶችን ወሬ ጠጋ ብሎ ለሰማ ሰው፣ ከጨዋታው እኩል የሚወራው ዝላይና ቁመት ነው። «እሱ ልጅ አንድ ሜትር ይዘላል።» «እሷ ቁመቷ አይበቃም።» «ሀበሻ ለባስኬት አልተፈጠረም።» አብዛኛው በቅንነት የሚባል ነው። ጉዳቱ ግን ቀላል አይደለም። ልጆች በተሳሳተ ቁጥር ይመዘናሉ፣ አንዳንዶቹም ገና ሳይጀምሩ ከሜዳ ይመለሳሉ። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳ።

«ሪንግ ከነካ ዝላዩ ትልቅ ነው»

ሪንጉ፣ ማለትም ኳሱ የሚገባበት ክብ ብረት፣ ከመሬት 3.05 ሜትር ላይ ነው። ሁለት ጓደኛሞች ሪንጉን በጣታቸው ነኩ እንበል። አንዱ ቆሞ እጁን ወደ ላይ ሲዘረጋ 2.45 ሜትር ይደርሳል። ሌላው የሚደርሰው 2.25 ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው የዘለለው 60 ሴንቲ ሲሆን ሁለተኛው 80 ሴንቲ ዘሏል። ትልቅ ልዩነት ነው። ሜዳው ላይ ግን ሁለቱም «ሪንግ ይነካሉ» ተብለው እኩል ይታያሉ። እንዲያውም ብዙ ጊዜ የሚደነቀው ረጅሙ ነው።

ዝላይ ማለት በሁለት ከፍታዎች መካከል ያለው ልዩነት ነው። አንዱ ቆመን የምንነካው ነው፣ ሌላው ዘለን የምንነካው። ለመለካት ግድግዳ፣ ጠመኔና ሜትር ይበቃል። ጣትን ጠመኔ ቀብቶ ከግድግዳው በጎን በኩል መቆም። ተረከዝ መሬት ላይ ይሁን። ከዚያ ክንድን ብቻ ሳይሆን ትከሻንም ጭምር እስከ መጨረሻው ወደ ላይ መግፋት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ትከሻውን ሳይዘረጋ ምልክት ያደርግና ሲዘል ይዘረጋዋል። በዚያች ብቻ ጥቂት ሴንቲ ሜትሮች በነጻ ይጨመሩለታል።

ሌላው ከቆሙበት መዝለልንና ተንደርድሮ መዝለልን መቀላቀል ነው። በኤንቢኤ (በአሜሪካ ፕሮፌሽናል የባስኬት ሊግ) የአዲስ ተጫዋቾች ምዘና ላይ ሁለቱ ለየብቻ ይለካሉ። ኬቨን ዱራንት እ.ኤ.አ. በ2007 ሲለካ ከቆመበት 66 ሴንቲ፣ ተንደርድሮ ደግሞ 85 ሴንቲ ገደማ ዘለለ። ይኸው አንድ ሰው ነው። «ስንት ትዘላለህ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው የትኛውን እየነገረን እንደሆነ ካላወቅን ንጽጽሩ ዋጋ የለውም።

ዳንክ ማድረግ፣ ማለትም ዘሎ ኳሱን ከላይ ሪንጉ ውስጥ በእጅ መክተት፣ ለሚመኙ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የወንዶች ኳስ ከጎን እስከ ጎን ስፋቱ 24 ሴንቲ ያህል ነው። ሪንግ መንካት መቻል ማለት ዳንክ ቀርቧል ማለት አይደለም። እጅ ከሪንጉ በላይ ቢያንስ 15 ሴንቲ ያህል ማለፍ አለበት።

«ስልኬ 70 ሴንቲ ብሎኛል»

በስልክ ቪዲዮ የሚለኩት አፖች አብዛኞቹ ከፍታውን በቀጥታ አያዩትም። የሚቆጥሩት እግር መሬት ከለቀቀበት እስከ ሚያርፍበት ያለውን ጊዜ ነው። ከዚያ በስበት ሕግ ያሰሉታል። ስሌቱ ትክክል ነው፣ ግን ለትንሽ ስህተት አይምርም። 0.6 ሰከንድ አየር ላይ የቆየ ሰው 44 ሴንቲ ዘሏል። 0.7 ሰከንድ ከሆነ 60 ሴንቲ። አንድ አስረኛ ሰከንድ 16 ሴንቲ ያመጣል! በሰከንድ 30 ምስል በሚያነሳ ካሜራ አንዲት ምስል መሳሳት ብቻ 5 ሴንቲ ያህል ታዛባለች። ስልኩ በዝግታ የሚታይ ቪዲዮ መቅረጽ ከቻለ በዚያ መጠቀም ይሻላል። ደግሞም ጉልበት አጥፎ የሚያርፍ ሰው ዘግይቶ ስለሚያርፍ፣ ያልዘለለውን ይመዘገብለታል። በተዘረጋ እግርና በጣት በኩል ማረፍ፣ ከዚያ ወዲያ ብቻ ጉልበትን ማጠፍ ነው።

ይኸው ስሌት «አየር ላይ ሁለት ሰከንድ ይንሳፈፋል» የሚለውንም ወሬ ይዘጋዋል። አንድ ሰከንድ አየር ላይ ለመቆየት 1.22 ሜትር መዝለል ያስፈልጋል። ሁለት ሰከንድ ደግሞ ወደ 5 ሜትር ይጠጋል።

«አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ዝላይ ይቀንሳል»

አይቀንስም። ከተማችን ከባህር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩም ሳሳ ያለ ነው። ነገር ግን አንድ ዝላይ ከአንድ ሰከንድ በታች የሚያልቅ ሥራ ነው። ጡንቻ ለዚያ የሚጠቀመው ቀድሞ ያከማቸውን ጉልበት እንጂ በዚያች ቅጽበት የሚተነፍሰውን ኦክስጅን አይደለም። ቦብ ቢመን እ.ኤ.አ. በ1968 በርዝመት ዝላይ 8.90 ሜትር ዘሎ የዓለምን ክብረ ወሰን በ55 ሴንቲ ያሻሻለው በሜክሲኮ ሲቲ ነበር። እሷም 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ናት።

ከፍታው የሚጎዳው ሌላ ቦታ ነው። ተደጋጋሚ ሩጫና ዝላይ ከተደረገ በኋላ ትንፋሽ ቶሎ አይመለስም። ከቆላ የመጣ ተጫዋች በጨዋታው አራተኛና የመጨረሻ ሩብ ዝላዩ የሚወርደው ለዚህ ነው። ዝላይ የሚለካው እንግዲህ በደንብ አርፎ ነው።

«አጭር ነው፣ ይመለስ»

ይህ ከሁሉም በላይ ያናድደኛል። ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የሚባለው ለ12 ወይም ለ13 ዓመት ልጅ ነው። በዚህ ዕድሜ ሁለት ልጆች በልደት ቀን እኩያ ሆነው በሰውነት ዕድገት ዓመታት ሊበላለጡ ይችላሉ። አንዱ ጉርምስና ጀምሮ ተመንድጓል፣ ሌላው ገና ነው። ዛሬ በቁመት የተመረጠው ቀውላላ ልጅ ዕድገቱን እየጨረሰ ሊሆን ይችላል። የተመለሰው ደግሞ ከሦስት ዓመት በኋላ ሊበልጠው ይችላል፣ ግን ያኔ ኳስ መንዳት ያልተማረ ረጅም ሰው ይሆናል። ቁመት ጊዜውን ጠብቆ ይመጣል። የጠፋውን የልምምድ ዘመን ግን ማን ይመልስለታል?

ደግሞ ቁመት ብቻውን ሙሉ ነገር አይናገርም። ኳስ የሚነካው በጭንቅላት ሳይሆን በእጅ ነው። የአብዛኛው ሰው ሁለት ክንዶች ሲዘረጉ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ከቁመቱ ጋር ይቀራረባሉ። የኤንቢኤ ተጫዋቾች ክንድ ሲዘረጋ ግን በአማካይ ከቁመታቸው 6 በመቶ ገደማ ይበልጣል። የኤንቢኤው ካዋይ ሌናርድ ቁመቱ ሁለት ሜትር ያህል ሆኖ ክንዱ ሲዘረጋ 2.21 ሜትር ነው። ስለዚህ አሰልጣኝ ሜትር ካወጣ አይቀር፣ ክንድንም ቆሞ የሚነካውንም ከፍታ አብሮ ይለካ። ትከሻው ሰፊ የሆነ ልጅ ክንዱ ሲዘረጋ ረጅም ሊመስል ይችላል፣ የትከሻ ስፋት ግን ወደ ላይ አይደርስም። ሁለቱም መለካት ያለባቸው ለዚህ ነው።

ለአጭሩም ቢሆን በሩ ዝግ አይደለም። 1.60 ሜትር የሆነው መግሲ ቦግስ በኤንቢኤ 14 ዓመት ተጫውቷል። ከመሬት ብዙም የማይነሳው ኒኮላ ዮኪች ደግሞ በ2021፣ በ2022 እና በ2024 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል። ዱራንትም በዚያ የ2007 ምዘና 84 ኪሎውን ብረት አንድ ጊዜ እንኳ ከደረቱ ላይ መግፋት አቅቶት ነበር። በ2014 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆነ።

«ሀበሻ በተፈጥሮው አጭር ነው»

ቁመት ከዘር ይወረሳል፣ እውነት ነው። ግን ዘር የሚሰጠውን ቁመት ለማግኘት ልጅነት ላይ መብላት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕጻናት 37 በመቶው በምግብ እጥረት የተነሳ የቀነጨሩ ነበሩ። ይህ የደም ጉዳይ አይደለም። የምግብ፣ የንጹሕ ውሃና የጤና ጉዳይ ነው። ሊለወጥ የሚችልን ነገር «ተፈጥሮ ነው» ብሎ ማለፍ በልጆቻችን ላይ መፍረድ ነው።

«ባስኬት ያስረዝማል»

አያስረዝምም። ረጅሞች ወደ ባስኬት ስለሚሄዱ እንዲያ ይመስላል። ብረት ላይ መንጠልጠልም እንዲሁ ነው። ጠዋት ከመኝታ የተነሳ ሰው ከማታው አንድ ሴንቲ ያህል ይረዝማል፣ ቀን ላይ አከርካሪው ስለሚጫን መልሶ ያጥራል። ልጆችን የምትለኩ ሁሉ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ያለ ጫማ ለኩ። ኤንቢኤ ራሱ ቡድኖቹን ያለ ጫማ የተለካ ቁመት እንዲያቀርቡ ያስገደደው በ2019 ነው።

«በየቀኑ የመስቀል አደባባይን ደረጃ የሮጠ ይዘላል»

የመስቀል አደባባይ ደረጃ ለትንፋሽና ለእግር ጽናት ግሩም ነው። ዝላይ ግን ሌላ ነገር ይፈልጋል፦ በአጭር ጊዜ ብዙ ኃይል ማውጣት። ደክሞ የሚሮጥ እግር የሚለማመደው ቀስ ብሎ መግፋትን ነው። የሚያዋጣው እንደ ስኳት (ጉልበት አጥፎ ዝቅ ብሎ መነሳት) ባሉ እንቅስቃሴዎች እግርን ማጠንከርና ጥቂት፣ ግን በሙሉ ኃይል የሚደረጉ ዝላዮችን መዝለል ነው፣ በመካከላቸው በደንብ እያረፉ። ከከባድ የዝላይ ልምምድ በኋላም አንድ ሁለት ቀን ማረፍ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ «ዕረፍት ስንፍና ነው» የሚሉ ኮቾች አሉ። ጡንቻና ጅማት ግን የሚጠነክሩት በዕረፍቱ ጊዜ ነው።

«የጉልበት ሕመም የዝላይ ምልክት ነው፣ ይለመዳል»

አይለመድም። ከጉልበት ሎሚ በታች ያለው ጅማት ሲታመም እረፍት ሳይሰጡት መዝለል ለወራት ያስቀምጣል። በማደግ ላይ ያሉ ልጆች ደግሞ ከጉልበታቸው በታች፣ ጅማቱ ከአጥንቱ ጋር በሚያያዝበት ቦታ፣ እብጠትና ሕመም ይወጣባቸዋል። ይህ አጥንት በፍጥነት በሚያድግበት ወቅት የሚመጣ ነው፣ ብዙውን ጊዜም ዕድገቱ ሲያበቃ ይጠፋል። እስከዚያው ዝላዩን መቀነስ፣ ሕመሙ ከጠና ደግሞ ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ማሳየት ነው። ልጁ በዚያ ሰሞን ቆሞ የሚወረወር ሹትና ኳስ መንዳት ቢለማመድ ምንም አይቀርበትም።