ሚሌ ሚልያ፦ የብሬሻው የሺህ ማይል ውድድርና አሮጌ መኪኖቹ

ሚሌ ሚልያ በሰሜን ጣልያን ከምትገኘው ብሬሻ ተነስቶ፣ ሮም ደርሶ፣ ወደ ብሬሻ የሚመለስ የመኪና ውድድር ነው። ስሙ «ሺህ ማይል» እንደሚለው መንገዱ 1600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ1927 እስከ 1957 ባለው ጊዜ 24 ጊዜ የፍጥነት ውድድር ሆኖ ተካሂዷል። ከ1977 ወዲህ የአሮጌ መኪኖች ጉዞ ሆኗል። (ዓመታቱና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በአማርኛ ስለ እሱ የተጻፈ ብዙ ስለማይገኝ ዋና ዋናውን እዚህ ሰብስበናል።

ነገሩ የተጀመረው በቁጭት ነው። በ1921 የመጀመሪያው የጣልያን ግራንድ ፕሪ፣ ማለትም ትልቁ የመኪና ውድድር፣ የተካሄደው ብሬሻ አጠገብ፣ ሞንቲኪያሪ ላይ ነበር። በዓመቱ ሚላን አቅራቢያ የሞንዛ መሮጫ ተሠራና ውድድሩ ወደዚያ ሄደ። ብሬሻዎች ይህን መዋጥ አቃታቸው። አይሞ ማጂና ፍራንኮ ማዞቲ የሚባሉ ሁለት ወጣት መኳንንት፣ ሬንዞ ካስታኜቶ እና ጋዜጠኛው ጆቫኒ ካኔስትሪኒ ተማከሩ። መሮጫ የላቸውም። ስለዚህ ሕዝብ የሚኖርበትን ተራ መንገድ መሮጫ አደረጉት። የውድድሩ ውበትም፣ በኋላ የገደለውም ይኸው ውሳኔ ነው።

መጋቢት 1927 ላይ 77 መኪኖች ተነሱ። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጣው እዚያው ብሬሻ የሚሠራው ኦኤም የተባለ መኪና ነው። አሸናፊዎቹ ሚኖያና ሞራንዲ 21 ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ፈጀባቸው፤ በአማካይ በሰዓት 77 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ዛሬ ሲሰሙት ቀርፋፋ ይመስላል። ግን መንገዱ በአብዛኛው ጠጠርና አቧራ ነበር።

በ1930 ጣልያናዊው ነጂ ታዚዮ ኑቮላሪ ለመጀመሪያ ጊዜ አማካይ ፍጥነቱን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ አደረሰው። የማይረሳ ወሬም ትቶ አለፈ። ከፊቱ ያለው አኪሌ ቫርዚ እንዳያየው ጎህ ሳይቀድ መብራት አጥፍቶ ተከተለው፤ ከጎኑ ሲደርስ ድንገት አብርቶ አለፈው ይባላል። ሁለቱም በአልፋ ሮሜዮ ነበሩ። ታሪኩ እውነት ነው የሚሉ አሉ፣ በጋዜጠኞች ተቀባብቷል የሚሉም አሉ። ኑቮላሪን ለሚያውቅ ሰው ግን አያስገርምም። በ1931 ጀርመናዊው ሩዶልፍ ካራቺዮላ በመርሴዲስ አሸነፈና የመጀመሪያው የውጭ አገር አሸናፊ ሆነ።

የ1936ቱ እኛንም ይነካል። የተካሄደው ከማይጨው ጦርነት በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነው። ጣልያን አገራችንን በመውረሯ ማዕቀብ ተጥሎባት ነበርና የውጭ ተወዳዳሪ ጠፋ። ቤንዚንም ስለተቆጠበ በእንጨት ከሰል ጋዝ ለሚሄዱ መኪኖች ለብቻ ምድብ ተከፈተ። አሸናፊው አንቶኒዮ ብሪቪዮ ነበር፣ በአልፋ ሮሜዮ። በ1938 ቦሎኛ ላይ አንድ መኪና ከመንገድ ወጥታ ሰባት ሕፃናትን ጨምሮ አሥር ሰው ገደለች። ውድድሩ ታገደ። በ1940 በአጭር ዙር መንገድ ተሞክሮ ቢኤምደብሊው 328 አሸነፈ፤ ከዚያ ጦርነቱ አቋረጠው። በ1947 ተመለሰ።

አሁን ወደ 1955 እንምጣ። ስለዚህ ዓመት ብዙ የምናውቀው መኪናው ውስጥ ጋዜጠኛ ስለነበረ ነው። ነጂው ስተርሊንግ ሞስ የ25 ዓመት እንግሊዛዊ ነው። አጠገቡ የተቀመጠው ዴኒስ ጄንኪንሰን፣ ጢማም የመኪና ስፖርት ጸሐፊ ነው። መኪናቸው መርሴዲስ 300 ኤስኤልአር፣ ቁጥሩ 722። ሚሌ ሚልያ ላይ ቁጥሩ የመነሻ ሰዓት ነው። ትንንሾቹ መኪኖች ከዋዜማው ማታ ጀምሮ በየደቂቃው ይለቀቃሉ፣ ኃይለኞቹ ጠዋት ይከተላሉ። 722 ማለት በፈረንጅ ሰዓት ጠዋት 7፡22፣ በእኛ 1፡22 ነው። በዚያ ዓመት ከ500 በላይ መኪኖች ተነስተዋል።

ጣልያኖቹ መንገዱን በልባቸው ያውቁታል። ሞስና ጄንኪንሰን ደግሞ አስቀድመው እየተመላለሱ አጠኑት። እያንዳንዱን አደገኛ ጥምዝ፣ የባቡር ማቋረጫና ጉብታ መዘገቡ። ማስታወሻው ወደ አምስት ሜትር ተኩል የሚረዝም፣ እንደ ክታብ የተጠቀለለ ወረቀት ሆነ። ጥቅሉ ባለ መስኮት የአሉሚኒየም ሳጥን ውስጥ ገባ፤ ጄንኪንሰን በእጁ እያዞረ ያነባል። በሞተሩ ጩኸት መነጋገር ስለማይቻል በእጅ ምልክት ተግባቡ። ከጉብታው ማዶ ያለው ሳይታይ ጄንኪንሰን ቀጥ ያለ ነው ብሎ ከጠቆመ፣ ሞስ ፍሬን ሳይነካ ነዳጅ እንደሰጠ ያልፋል። አንዱ ጉብታ ላይ መኪናዋ መሬት ለቃ አየር ላይ ሄደች። ጄንኪንሰን መንገድ ላይ አስታወከው፤ ለማስታወክ ጎንበስ ሲል ነፋሱ መነጽሩን ወሰደበት። ደግነቱ ቅያሪ ይዟል።

ሮም ላይ የሚመራ ብሬሻ ላይ አያሸንፍም የሚል አባባል ነበር። ሞስ ሮም ላይ መራ፣ ብሬሻ ላይም አሸነፈ። 10 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ፣ በአማካይ በሰዓት 157 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ። ሁለተኛ የወጣው ታላቁ አርጀንቲናዊ ነጂ ፋንጂዮ ነው፤ ብቻውን እየነዳ ከግማሽ ሰዓት በላይ ዘግይቶ ገባ። የሞስን ሰዓት ከዚያ በኋላ የሰበረው የለም። ወደፊትም የሚሰብረው አይኖርም።

ምክንያቱ ግንቦት 12 ቀን 1957 ነው። ስፔናዊው አልፎንሶ ደ ፖርታጎ በፌራሪ ወደ ብሬሻ እየተቃረበ ነበር። ጉዊዲትሶሎ መንደር አጠገብ፣ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ጎማው ፈነዳ። እሱና ረዳቱ ኤድመንድ ኔልሰን ሞቱ። ከመንገድ ዳር ቆመው ከሚያዩት ደግሞ ዘጠኝ ሰዎች ሞቱ፣ አምስቱ ሕፃናት ናቸው። ጎማው ለምን እንደፈነዳ ብዙ ተብሏል፤ መንገድ ላይ በተተከለ አንጸባራቂ ተቆርጧል የሚሉ አሉ፣ መቀየር ሲገባው አልተቀየረም የሚሉም አሉ። ኤንዞ ፌራሪ ተከሶ በ1961 ነጻ ወጣ። የጣልያን መንግሥት በሕዝብ መንገድ ላይ የሚደረገውን የፍጥነት ውድድር ከለከለ። የዚያን ቀን ያሸነፈው ፒዬሮ ታሩፊ ነው፣ ግን ማን ያስታውሰዋል? ከዚያ በሚሌ ሚልያ ስም ጥቂት ራሊዎች ተሞክረው ሳይሰምሩ ቀሩ።

በ1977፣ በ50ኛ ዓመቱ፣ ስሙ ተመለሰ። አሁን ፍጥነት አይደለም የሚያሸልመው፣ ሰዓት አክባሪነት ነው። መንገዱ ላይ ቀጭን የጎማ ቱቦ ይዘረጋል። የፊት ጎማው ቱቦውን መርገጥ ያለበት በተባለው ቅጽበት ነው፣ ልዩነቱ በመቶኛ ሰከንድ ይቆጠራል። ረዳቱ ሰዓት ይዞ «አምስት፣ አራት፣ ሦስት» ይላል፣ ነጂው በፍሪሲዮንና በፍሬን ያመጣጥናል። ላየው ሰው ቀላል ይመስላል። በ1930ዎቹ የተሠራ፣ ማርሹ የሚንጫጫ መኪና ላይ ግን ጉድ ነው።

ለመግባት ሞዴሉ ከ1927 እስከ 1957 በነበሩት ውድድሮች የተሳተፈ መሆን አለበት። ስለዚህ ከአልፋ ሮሜዮና ከፌራሪ ጎን ትንሿ ፊያት ቶፖሊኖ ትሰለፋለች። የአዲስ አበባ የድሮ ታክሲ የሆነችው ሴይቼንቶ፣ ማለትም ፊያት 600ም፣ በዘመኗ ሮጣበታለች። በብዛት ያሸነፈው አልፋ ሮሜዮ ነው፣ 11 ጊዜ፤ ፌራሪ 8 ጊዜ።

ከመነሻው በፊት መኪኖቹ ብሬሻ መሀል አደባባይ ላይ ተመርምረው በእርሳስ ብረት ማኅተም ይታሸጋሉ፤ ያን ቀን ከተማው በሙሉ ለማየት ይወጣል። በ2004 የተከፈተው ሙዚየምም ከከተማው ዳር፣ በጥንታዊው የሳንት ኤውፌሚያ ገዳም ውስጥ ነው። ከአሮጌዎቹ ጋር ዘመናዊ ፌራሪዎችም በሰልፍ ያልፋሉ። አዘጋጆቹ ለገንዘቡ ብለው ይሆናል፤ ተመልካቹ ግን የቆመው ለእነሱ አይደለም።