የዲቃላ ብርታት ምንድን ነው? ጥንቸል ለሥጋና ለፀጉር ለምታዳቅሉ

"ዲቃላ" ሰው ላይ ሲወረወር ስድብ ነው። ከብት ላይ ሲሆን ግን ሙገሳ ይሆናል። እዚህ አዳማ ወተት የሚሸጥ ሰው ስለ ክልስ ላሙ ሲያወራ ስሙት፣ ልጁን ያመሰገነ ነው የሚመስለው። በቅሎም ዲቃላ ናት። "አባትሽ ማን ነው?" ሲሏት "እናቴ ፈረስ ናት" ብላ ብትሸሽም፣ ዳገት ላይ ጭነት ይዛ ስትወጣ አባቷን የሚጠይቃት የለም።

የዲቃላ ብርታት የሚባለው ይኸው ነው። ዝምድና የሌላቸው ሁለት ዝርያዎች ሲዳቀሉ ልጆቹ ከወላጆቻቸው አማካይ በልጠው ይገኛሉ። አንድ ዝርያ ለብዙ ትውልድ እርስ በርሱ ሲራባ የተደበቁ ድክመቶች ይጠራቀሙበታል። የሌላው ዝርያ ድክመት ደግሞ ሌላ ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ልጁ ላይ የአንዱን ጉድለት የሌላው ጤነኛ ዘር ይሸፍነዋል።

ለጥንቸል ሥጋ በጣም የታወቀው የዝርያ ጥምረት ኒውዚላንድ ነጭ እናት፣ ካሊፎርኒያ አባት ነው። ኒውዚላንድ ስሟ ያሳስታል እንጂ የወጣችው አሜሪካ ነው። ብዙ ትወልዳለች፣ ወተቷም ልጆቿን ያጠግባል። ካሊፎርኒያ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እዚያው አሜሪካ የወጣ ነው። አጥንቱ ቀጭን፣ ወገቡና ጭኑ ሥጋ የሞላ። "ግዙፉን ፍሌሚሽ ብናስገባስ?" የሚል አይጠፋም። እሱ አጥንቱ ወፍራም፣ ለመድረስ ቀርፋፋ ነው፤ ሽቦ ወለል ላይም እግሩ ቶሎ ይቆስላል። እኔ አልመክርም።

የመጀመሪያዎቹ ዲቃላዎቼ በ31ኛው ቀን ተወለዱ። ፀጉር አልባ፣ ሮዝ። ፀጉራቸው ነጭ ሆኖ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ግን አፍንጫቸውና ጆሯቸው ላይ ከሰል የነካ ጣት ያለፈበት የሚመስል ጥላ ታየ። ጎረቤቴ "አታጥባቸውም እንዴ?" አለኝ። ቆሻሻ አይደለም፣ የአባታቸው ጥቁር ምልክት ነው። ይህ ቀለም ቀዝቀዝ ያለ የሰውነት ክፍል ላይ ብቻ ነው የሚወጣው። በአዳማ ሙቀት መደብዘዙ አይቀርም።

አሁን ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር። ይህ ብርታት ሁሉም ነገር ላይ እኩል አይሠራም። በደንብ የሚታየው በሚወለዱት ብዛትና በሕይወት በሚተርፉት ላይ ነው። እድገት ላይም በመጠኑ ያግዛል። ፀጉር ላይ ግን እምብዛም።

እኔ ይህን የተማርኩት በሬክስ ነው። ሬክስ ፈረንሳይ የወጣ ዝርያ ነው፤ ፀጉሩ አጭርና እንደ ከፋይ ለስላሳ። ወንዱን ገዝቼ ከኒውዚላንዷ ጋር አገናኘሁት። ሰባት ተወለዱ፣ ሰባቱም ተራ ፀጉር። ሻጩ የሸወደኝ መስሎኝ ነበር። ለካ የሬክስ ፀጉር የሚወጣው ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ብቻ ነው። ሰባቱ ዘሩን ይዘውታል፣ ግን አያሳዩትም። ኋላ ከነዚያው እህትና ወንድም አገናኘሁ። ከስምንት ሁለት ከፋይ ለባሽ ወጡ፤ ሂሳቡም ከአራት አንድ ነው። ችግሩ፣ እህትና ወንድም ሲዳቀሉ ያ ብርታት ይሸረሸራል። ከስምንቱ ሦስቱ ጡት ሳይጥሉ ሞቱብኝ። ለሥጋም ቢሆን ሁለቱን ንጹሕ ወላጆች ይዞ ዲቃላዎቹን በሙሉ መሸጥ ይሻላል። ዲቃላን ከዲቃላ ማራባት ያተረፉትን መልሶ መብላት ነው።

ሥጋና ፀጉር በጊዜም አይስማሙም። በደንብ የተቀለበ ዲቃላ ከ10 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ ለሥጋ ይደርሳል። በዚያ ዕድሜ ቆዳው ስስ ነው፣ ፀጉሩም ገና ይቀያየራል። ለፀጉር አምስት ስድስት ወር ይጠበቃል። የዚያን ሁሉ ጊዜ ፉርሽካ ማን ይከፍላል? ፀጉር የፈለገ ሬክስን ለብቻው በንጹሑ ያርባ።

ሙቀቱንም አትርሱ። ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ የወንዱ ዘር ለሳምንታት ሊደክም ይችላል። ሴቷ ካላረገዘች ዝርያውን ከመርገም በፊት ጎጆውን ጥላ ውስጥ አስገቡት።

ገዢም አስቀድሞ ይጠየቅ። ሰኮናዋ ያልተሰነጠቀ ስለሆነ ብዙ ኦርቶዶክሳዊ ቤት ጥንቸል አይገባም። እኔ ሥጋውን የሚወስዱልኝ ደንበኞች አሉኝ። የሁለቱን ሬክሶች ቆዳ የሚያለፋልኝ ሰው ግን እስካሁን እየፈለግኩ ነው።