ስለ ኳርትዝ ዳታቤዝ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኳርትዝ የጃቫ አፕሊኬሽን ሥራዎችን በሰዓታቸው የሚያስነሳ ሼጁለር ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ባክአፕ ውሰድ፣ በየ10 ደቂቃው ክፍያ አጣራ ትሉታላችሁ፤ ይይዝላችኋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የት እንደሚይዘው ላይ ነው።

«ኳርትዝን ከጫንኩ ሥራዎቹ ዳታቤዝ ውስጥ ይቀመጣሉ።»
አይቀመጡም። ካልነካችሁት ሁሉንም ሜሞሪ ላይ ነው የሚይዘው። ሰርቨሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ዳታቤዝ ከፈለጋችሁ ጆብ ስቶሩን (ሥራዎቹን የሚያስቀምጥበትን ክፍል) መቀየር አለባችሁ። ኳርትዝ ራሱ ቴብል (መረጃው የሚቀመጥበትን ሠንጠረዥ) አይፈጥርም፤ አብሮት በሚመጣው ስክሪፕት (የትእዛዝ ፋይል) የምትፈጥሩት እናንተ ናችሁ።

«ቴብል መፍጠሪያውን ስክሪፕት ደግሜ ባስኬደው ችግር የለውም።»
እባካችሁ መጀመሪያ ፋይሉን ከፍታችሁ አንብቡት። ከኳርትዝ ጋር ለፖስትግሬስ ዳታቤዝ የሚመጣው ስክሪፕት ሥራውን የሚጀምረው የነበሩትን ቴብሎች በማጥፋት ነው። ከዚያ በኋላ ነው 11ዱን ቴብሎች እንደ አዲስ የሚፈጥረው። አብሬው የሠራሁት አንድ ሲስተም አዲስ ቨርዥን በተለቀቀ ቁጥር ይህን ስክሪፕት ያስኬድ ነበር። ተጠቃሚዎች ራሳቸው የመዘገቧቸው ሥራዎች በአንድ ሌሊት ጠፉ። ሎጉ ላይ አንድም ስህተት አልነበረም። ለኳርትዝ ባዶ ቴብል ማለት የሚሠራ ሥራ የለም ማለት ብቻ ነውና። የማጥፊያ መስመሮቹን አውጡ፤ ስክሪፕቱንም አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሄድ እንደ ፍላይዌይ ላለ የዳታቤዝ ለውጦችን የሚከታተል መሣሪያ ስጡት።

«ሁለት ሰርቨር አንድ ዳታቤዝ ላይ ካገናኘሁ ክላስተር ሆነልኝ።»
እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ክላስተር ማለት ሰርቨሮቹ ተናበው ሥራ ሲከፋፈሉ ነው፤ ሴቲንጉ ግን ሲመጣ ዝግ ነው። ሳትከፍቱት ሁለቱን ብታስነሱ አንዱ የሌላውን መኖር አያውቅም። በተለይ አንዱ ሪስታርት ሲደረግ፣ ሌላኛው ለማስነሳት የያዘውን ሥራ ከድሮ ተንጠልጥሎ የቀረ መስሎት ሪስታርት የተደረገው ይለቀዋል፤ ያኔ ሁለቱም ሊያስነሱት ይችላሉ። ያ ሥራ የሰው ደመወዝ የሚልክ ከሆነ ሁለቴ ሊላክ ይችላል። ስለዚህ ሴቲንጉን በሁለቱም ላይ ክፈቱ። የሼጁለሩ ስም አንድ ይሁን፣ የእያንዳንዱ ሰርቨር መለያ ግን ይለያይ። የሰርቨሮቹ ሰዓትም ከ1 ሰከንድ በላይ መለያየት የለበትም፤ ኤንቲፒ (የሰርቨሮችን ሰዓት የሚያስተካክለው) ግድ ነው።

«10 ትሬድ ካለኝ 10 ኮኔክሽን ይበቃኛል።»
አይበቃም። ትሬዶቹ ሥራዎቹን ጎን ለጎን ያስኬዳሉ፤ ሼጁለሩ ግን ለራሱም ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘው ኮኔክሽን ያስፈልገዋል። ቢያንስ 3 ጨምሩ።

«ሰርቨሩ ጠፍቶ ሳለ ያመለጠ ሥራ በቃ አመለጠ።»
ሥራው ከሰዓቱ በ60 ሰከንድ ካለፈ ኳርትዝ እንዳመለጠ ይቆጥረዋል። ክሮን (በተወሰነ ሰዓት እየተደጋገመ የሚነሳ ሥራ) ከሆነ ግን፣ ሌላ ካላዘዛችሁት፣ ሰርቨሩ እንደተነሳ አንድ ጊዜ ያስኬደዋል፤ አምስቴም አምልጦ ቢሆን አንዴ ብቻ። የሌሊት 8ቱ ባክአፕ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ እያለ እንዲነሳ ካልፈለጋችሁ «ምንም አታድርግ» የሚለውን ምርጫ ስጡት።