«በጓደኛ መሀል ብር አይነሳም» እና ሌሎች የጥንዶች ጉዞ ተረቶች

እንጀራዬ ትኬት መቁረጥ፣ ሆቴል መያዝና የቪዛ ፎርም መሙላት ነው። በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ አንድ ዓይነት ሰዎች ወደ ቢሮ ይመጣሉ። ሦስት ወይም አራት ባልና ሚስት፣ አብረው የተማሩ፣ አንዱ የሌላው ሚዜ የነበረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሽርሽር ከአገር ሊወጡ ነው። ዱባይ፣ ዛንዚባር፣ ታይላንድ፣ ደፈር ያሉት ደግሞ ፓሪስ። ደስታቸው ደስ ይላል። ይዘውት የሚመጡት እምነት ግን ሁሌም ያው ነው፤ እኔም ያንኑ መልስ መመለስ ታክቶኛል። አንዴ ጽፌው ልገላገል።

«ብዙ ስለሆንን ቅናሽ አለን»

የላችሁም። አየር መንገዶች የቡድን ዋጋ የሚሰጡት አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ሰው ጀምሮ ነው፤ እናንተ ስምንት ናችሁ። እንዲያውም መብዛታችሁ ሊያስወድድባችሁ ይችላል። በአንድ አውሮፕላን ላይ ያለ መቀመጫ ሁሉ ዋጋው እኩል አይደለም። በርካሹ ዋጋ የቀረው ሦስት መቀመጫ ብቻ ከሆነና ስምንት ሰው በአንድ ጊዜ ከተፈለገ፣ ሲስተሙ ስምንቱንም በቀጣዩ ውድ ዋጋ ያወጣቸዋል። ለየጥንዱ ለየብቻ አስፈልጉ፣ ከዚያ አወዳድሩ። ለየብቻ መያዙ ሌላም ጥቅም አለው፤ አንዱ ቀን መቀየር ቢፈልግ የሌላውን ትኬት ማንም አይነካም።

«አብረን ካስገባን አብረን ይመታልናል»

ቪዛ በሰው ነው። ባልና ሚስት እንኳ እያንዳንዳቸው በየማመልከቻቸው ነው የሚታዩት። ባል ተመትቶለት ሚስት የተከለከለችበትን አይቻለሁ። ሦስት ጥንድ አልፎ አራተኛው የቀረበትንም እንዲሁ። በተለይ ሸንገን፣ ማለትም ፓሪስንም የሚያስገባውን የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ፣ የምታስቡ ሰዎች ልብ በሉ፤ የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ሚያዝያ 2016 ላይ በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ባሳለፈው ውሳኔ፣ የተለመደው የ15 ቀን የመልስ ጊዜ ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለከሉም አይመለስም። ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን ግዴታ ነው። ቪዛ ሳይመታ የማይመለስ ትኬት የሚገዛ ሰው ሲመጣ እኔ ኮሚሽኔን አገኛለሁ፤ እሱ ግን ያለቅሳል።

እና አሁኑኑ ተነጋገሩ። አንዱ ጥንድ ቢከለከል ሌሎቹ ይሄዳሉ ወይስ ይቀራሉ? ይህን ጥያቄ ሳነሳ ሁሉም «አይ፣ እግዜር ያውቃል» ብለው ይስቃሉ። የሚስቁት ክልከላው እስኪመጣ ነው።

«የእኛ ፓስፖርት የትም አያስገባም»

ኬንያ ያለ ቪዛ ያስገባል። ሲሸልስ ከየትኛውም አገር ለሚመጣ ሰው ቪዛ አትጠይቅም፤ ከመብረራችሁ በፊት በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ ታስወጣላችሁ፣ የሆቴልና የመመለሻ ትኬት ታሳያላችሁ፣ በቃ። ማልዲቭስ ለኢትዮጵያዊም የ30 ቀን ቪዛ እዚያው ሲደርስ በነፃ ትመታለች። ሩዋንዳም ለአፍሪካውያን በሯን ከፍታለች። ለመጀመሪያ ጉዞ ፓሪስን የሙጥኝ ማለት ለምን እንደሚያስፈልግ አይገባኝም።

«የቤተ ክርስቲያን የጋብቻ ወረቀት አለን»

ለቄሱ ይበቃል። ለኤምባሲ ግን በወረዳ የተመዘገበ የጋብቻ ሰርተፍኬት ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ተተርጉሞና ተረጋግጦ። እኛ ዘንድ ሚስት የአባቷን ስም እንደያዘች ስለምትቀር፣ ለፈረንጁ መኮንን በወረቀት ላይ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ናችሁ። ተጋብታችሁ ልጅ ወልዳችሁ ያላስመዘገባችሁ ስንት ናችሁ መሰላችሁ።

«በጓደኛ መሀል ብር አይነሳም»

እሺ። ወደዚህ ስመጣ ደሜ ይፈላል።

«ስንት ነው የያዛችሁት?» ብዬ ስጠይቅ ስምንቱም እርስ በርስ ይተያያሉ። ከዚያ አንዱ፣ ብዙ ጊዜ ብር ያለው፣ «እህቴ፣ እኛ እኮ እንደ ወንድማማች ነን፤ ይሄ ችግር የለውም» ይለኛል። ሌሎቹ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። በዚያች ደቂቃ ጉዞው ግማሹ ተበላሽቷል። ባለ ብሩ የሚያስበው ባለ አምስት ኮከብ ነው። ጥግ ላይ የተቀመጠችው ሴት የልጆቿን የመስከረም የትምህርት ቤት ክፍያ እያሰላች ነው። ይሉኝታ ይዟት ዝም አለች። ዝምታዋን ሁሉም እሺታ አድርገው ወሰዱት።

አንድ ጊዜ አራት ጥንዶችን ወደ ዱባይ ሸኘሁ። ሁለቱ ባሎች ነጋዴዎች፣ አንዱ የባንክ ሠራተኛ፣ አንዱ መምህር። ሆቴሉን የመረጠው ከነጋዴዎቹ አንዱ ነው። መምህሩ ዋጋውን ሲሰማ ፊቱ ሲለወጥ አይቻለሁ፤ «ይሄኛው አሪፍ ነው» አለ እንጂ አልተቃወመም። እዚያ ሲደርሱ ሆቴሉ ለእያንዳንዱ ክፍል መያዣ ጠየቀ። በዚያ ላይ ዱባይ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በየክፍሉ በየሌሊቱ የምታስከፍለው የቱሪዝም ድርሃም አለ፤ እንደ ኮከቡ ከ7 እስከ 20 ድርሃም። ትንሽ ነው፣ ግን መምህሩ አላሰበውም። ሦስተኛው ምሽት ላይ ሌሎቹ ፏፏቴ የሚያሳይ ምግብ ቤት ሲሄዱ፣ መምህሩና ሚስቱ «ራሳችንን አሞናል» ብለው ቀሩ። በማግስቱም እንደዚሁ። ክፍላቸው ውስጥ ከቤት ያመጡትን ቆሎና በሶ ነበር የሚበሉት። ሌሎቹ ምን ብለው ተረዱት? «ኮሩብን»። ሲመለሱ ቦሌ ላይ ተለያይተው ታክሲ ያዙ። ይህን የነገረችኝ የመምህሩ ሚስት ናት። ነጋዴው ጓደኛቸው ግን እስካሁን ምን እንዳስቀየማቸው የሚያውቅ አይመስለኝም።

የተገላቢጦሹም አለ። ባለ ብሩ «ተዉት፣ እኔ እከፍላለሁ» እያለ ከጠዋት እስከ ማታ ሂሳብ ይነጥቃል። አገር ቤት ልማዳችን ነው፤ ለአንድ ምሳ ያምራል። ለስድስት ቀን ሲሆን ግን ከፋዩ ውስጥ ውስጡን ይቆጥራል፣ ተከፋዩ ውስጥ ውስጡን ያንሳል። ከፋዩ ባል ቢሆን እንኳ ሚስቱ ማታ ክፍል ውስጥ የምትለውን እናንተ አትሰሙም።

ከሁሉ የምታናድደኝ ደግሞ «ስንመለስ እንተሳሰባለን» የምትለዋ ናት። በየትኛው ምንዛሪ? አንዱ በባንክ ካርድ ከፍሏል፣ ሌላው ሰው በላከለት ዶላር፣ ሦስተኛው ኪሱ ውስጥ ያለውን ድርሃም ከየት እንዳገኘው መናገር አይፈልግም። በባንክ ዋጋ ቢባል አንዱ ይከፋዋል፣ በመንገድ ዋጋ ቢባል ሌላው። በዚህ ሂሳብ ክርስትና ያነሱ ሰዎች ሲኳረፉ አይቻለሁ።

ስለ ምንዛሪ ካነሳን አይቀር፤ የውጭ ጉዞ በብር አይታቀድም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመራ ሲለቀቅ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ለነሐሴ በብር ሲያጠራቅሙ የቆዩ ደንበኞቼ ብራቸው ሳይነካ ጉዟቸው ወደ ግማሽ ወረደ። በዶላር አስቡ፣ የሚከፈለውን ቶሎ ቶሎ ክፈሉ። ባንክ ዶላር የሚሸጠው ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ዓይቶ ለየተጓዡ ነው፤ ጣሪያው ስለሚቀያየር ከመሄዳችሁ በፊት ባንካችሁን ጠይቁ። «ዕቁብ እንጣል» የምትሉም አላችሁ። ዕቁብ ጥሩ ነው፣ ግን መጀመሪያ የደረሰው ሰው ብሩን ሶፋ ይገዛበታል። ለጉዞ የሚሻለው በጋራ የተከፈተ፣ ሁለት ሰው ካልፈረመ የማይወጣ ሒሳብ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ አሁን ቢሮዬ ላይ የማደርገው ይህን ነው። ለየጥንዱ ብጣሽ ወረቀት እሰጣለሁ። ከትኬት ሌላ ማውጣት የምትችሉትን በዶላር ጻፉ፣ ስም አትጻፉ፣ አጥፋችሁ ስጡኝ እላለሁ። ከዚያ ትንሿን ቁጥር ብቻ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ጣሪያው እሷ ናት። የማን እንደሆነች አይጠየቅም። መጀመሪያ ያፍራሉ፣ ቀጥሎ የሁሉም ትከሻ ሲወርድ ይታያል። ባለ ብሩ ራሱ አንዳንዴ ትንሿን ቁጥር የጻፈው እሱ ሆኖ ይገኛል፤ ብር ያለው ሁሉ ማውጣት ይወዳል ያለው ማነው?

ከዚያ ጣሪያዋ ምን ምን እንደምትሸፍን ይጻፋል። ታክሲ፣ አብሮ የሚበላ ምግብ፣ የጋራ መግቢያ ትኬት ከጋራ ኪስ ይወጣል፤ ለዚህ ሁሉም እኩል ያዋጣል። ገንዘብ ያዥ የሚሆነው ደግና ለጋስ የተባለው ሰውዬ አይደለም። «አይ፣ ይሄ ውድ ነው፤ እንውጣ» ማለት የማያሳፍራት ሴት በየቡድኑ አትጠፋም፤ እሷን ምረጡ። ልብስና ወርቅ የየራስ ነው። የተሻለ ክፍል የፈለገ ልዩነቱን ራሱ ይከፍላል። አንድ ጥንድ በማንኛውም ምሽት ምክንያት ሳይሰጥ መቅረት ይችላል፤ «ምን ሆናችሁ?» ተብሎ አይጠየቅም። ቪላ ለአራት ጥንድ ከተከራያችሁ አንዱ ጥንድ ቢሰርዝ ድርሻውን ማን እንደሚሸከም ቀድሞ ይወሰን። ዛንዚባር ከሆነ ደግሞ ከመስከረም 2017 ጀምሮ የውጭ እንግዳ የሚገዛው የ44 ዶላር መድን አለ፤ በሰው ነው፣ ለጥንድ 88። እንዲህ ያለውን ደርሶ ከመደንገጥ ከወዲሁ ማስገባት ነው።

ይህን ሁሉ ስናገር «ኧረ እህቴ፣ ፍርድ ቤት አደረግሽው» ይሉኛል። ወረቀቱን ሞልተው የሄዱት ተመልሰው ሌላ ጉዞ ሲያስይዙ፣ እንደ ወንድማማች ነን ያሉት ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ሁለት ሁለት ሆነው ለየብቻ ሲመጡ እያየሁ ነው እንግዲህ።

«አብረን ከሄድን አብረን እንዋል»

ስምንት ሰው አንድ ሱቅ በር ላይ ቆሞ ዘጠነኛ ሐሳብ ያወጣል። ቁርስና እራት አብራችሁ ሁኑ፣ ቀኑን ልቀቁት።

«ክረምት ነው፣ ዱባይ እንሂድ»

ልጆች ትምህርት የሚዘጉት ሐምሌና ነሐሴ ስለሆነ ሁሉም ያኔ ነው የሚነሳው። አዲስ አበባ ሲዘንብ ዱባይ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፣ ወበቁ ደግሞ ሌላ ነው። ሆቴሉ የረከሰው ለዚህ ነው። ሞል ውስጥ ለመዋል ከሆነ ችግር የለም። ባሕር ከፈለጋችሁ ግን በዚያ ጊዜ ዛንዚባር ይሻላል፤ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ደረቅ ወቅቷ ነው፣ ዋናው ዝናብ የሚወርደው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። የታይላንዷን ደሴት ፉኬትን ለክረምት የምትመርጡ ዣንጥላ ያዙ።

ጾሙንም አትርሱ። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል። ከጥንዶቹ ሁለቱ ጿሚ፣ ሁለቱ የማይጾሙ ከሆነ፣ ቁርስን ጨምሮ የተከፈለበት ሆቴል ለጿሚዎቹ ፍራፍሬና ዳቦ ነው። እንቁላሉና ቺዙ የተከፈለበት ሆኖ ያልፋቸዋል። ቀኑን ከመወሰናችሁ በፊት ካሌንደር ላይ ተቀመጡ፤ ሙስሊም ጥንድ ካለም ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም እያለ ነውና እሱንም ተመልከቱ።

«የቢጫ ወባ ክትባት ድሮ ተከትቤ ጊዜው አልፏል»

አላለፈም። ከ2008 ዓ.ም. ሐምሌ ጀምሮ ካርዱ ዕድሜ ልክ ነው። ያልተከተበ ግን ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ ይከተብ፤ ካርዱ መሥራት የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ከእኛ አገር ለሚሄድ ሰው ታይላንድም ሲሸልስም ይጠይቃሉ።

«ትንሽ ጫት ብትሆን ማን ያያታል?»

ያዩዋታል። በኤምሬትስ ጫት አደንዛዥ ዕፅ ነው፤ ለራሴ ነው ማለት አያስጥልም። ትራማዶልና ኮዴን ያለበት መድኃኒትም ቁጥጥር አለበት፤ ሐኪም ያዘዘላችሁ ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ከአገሪቱ መንግሥት በኢንተርኔት ፈቃድ አውጡ፣ ማዘዣውንም ከዋናው ማሸጊያው ጋር ያዙ። በቡድን ስትሄዱ ደግሞ ኪሎ ለማመጣጠን ዕቃ ትቀላቅላላችሁ፤ የአንዱ ሻንጣ ውስጥ የሌላው ፌስታል ይገባል። ሻንጣው ላይ የተለጠፈው ስም የማን እንደሆነ ነው ጉምሩክ የሚያየው። ዕቃ ከመቀላቀላችሁ በፊት የገባውን አንድ በአንድ አውጥታችሁ እዩት፣ የሚዜያችሁ ፌስታል ቢሆንም።