ኳንተም ማለት «ሁሉም ይቻላል» ማለት አይደለም

ጎንደር ፒያሳ ማኪያቶ ይዘው ስለ ኳንተም (የአቶምንና ከአቶም ያነሱ ቅንጣቶችን ጠባይ የሚያጠናው ፊዚክስ) የሚከራከሩ ልጆች እየበዙ ነው። ደስ ይላል። የሚዞረው ስህተት ግን ሳይታረም ባይቀር ጥሩ ነው። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«ቅንጣት ሰው ሲያየው ይለወጣል።» በጣም የተስፋፋው ይሄ ነው። በ1989 ጃፓን ውስጥ አኪራ ቶኖሙራና ባልደረቦቹ ኤሌክትሮኖችን አንድ በአንድ፣ ሁለት መንገድ ባለው መሣሪያ ላኩ። እያንዳንዱ ስክሪኑ ላይ አንዲት ነጥብ ብቻ ይጥላል። መጀመሪያ ነጥቦቹ ዝም ብለው የተበተኑ ይመስላሉ። በሺዎች ሲከማቹ ግን ደማቅና ደብዛዛ መስመሮች ቁልጭ ብለው ይወጣሉ። በጥምቀት ፋሲለደስ መዋኛ ውስጥ ሁለት ልጆች ሲዘሉ ሞገዶቻቸው ተገናኝተው አንዱ ጋ እንደሚበረቱ፣ ሌላው ጋ እንደሚጠፋፉ ማለት ነው። ኤሌክትሮኑ በየት እንዳለፈ የሚመዘግብ ነገር ከገባ መስመሮቹ ይጠፋሉ። መዝጋቢው ግን ሰው መሆን የለበትም። መሣሪያ ይበቃል። መንገድ ላይ የሚጋጨው የአየር ሞለኪውል ራሱ ይበቃል። ክፍሉ ውስጥ ማንም ባይኖርም ውጤቱ ያው ነው።

«እርግጠኛ አለመሆን የመሣሪያ ድክመት ነው።» አይደለም። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሃይዘንበርግ በ1927 ያቀረበው መርህ ስለ ተፈጥሮ ነው፦ የቅንጣት ቦታና ሞመንተም (የግዝፈቱና የፍጥነቱ ብዜት) ሁለቱም ባንዴ ቁርጥ ያለ እሴት የላቸውም። ልኩን የሚወስነው የፕላንክ ቁጥር 6.626 × 10⁻³⁴ ጁል ሰከንድ ነው። ይህን ያህል ኢምንት ስለሆነ ወደ አዘዞ በሚሄድ ባጃጅ ላይ አይታወቅም።

«የተጠላለፉ ቅንጣቶች ከብርሃን ፈጥነው መልእክት ያደርሳሉ።» አያደርሱም። ጥልፍልፉ፣ ማለትም ተራርቀውም ቢሆን የሁለት ቅንጣቶች የልኬት ውጤት መዛመዱ፣ እውነት ነው፤ አስፔ፣ ክላውዘርና ዛይሊንገር በ2022 ኖቤል የተሸለሙት በዚሁ ሥራ ነው። ነገር ግን በእያንዳንዱ ወገን የሚወጣው ውጤት የዘፈቀደ ነው። ዝምድናው የሚታየው ሁለቱ መዝገቦች ሲነጻጸሩ ብቻ ነው፤ ለዚያ ደግሞ መደወል ግድ ነው፤ ስልክ ከብርሃን አይፈጥንም።

«የኳንተም ጌጥ በሽታ ያድናል።» ይሄኛው ያናድደኛል፤ ገንዘብ የሚወሰደው ከታመሙ እናቶች ነውና። ሐኪም ቤት ውስጥ ኳንተም የሚሠራው ለምሳሌ ኤም አር አይ ውስጥ ነው፤ ማሽኑ በሰውነታችን ውስጥ ያሉ የሃይድሮጂን ኒውክሊየሶችን (የአቶም እምብርቶችን) ስፒን፣ ማለትም እንደ ትንሽ ማግኔት የሚያደርጋቸውን ባሕርይ፣ ተጠቅሞ ምስል ያነሳል። አንገት ላይ የተንጠለጠለ ድንጋይ ይህን አያደርግም። እንዲያውም በ2021 የኔዘርላንድ የጨረር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ከ5ጂ ይከላከላሉ የተባሉ ጌጦችንና መሰል ምርቶችን መርምሮ ከእነሱ አሥሩ ራዲዮአክቲቭ ጨረር እንደሚያወጡ አስታውቋል፤ ሰው እንዳያደርጋቸውም አስጠንቅቋል። እናታችሁ አንገት ላይ እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ አስረድታችሁ አስወልቋቸው። የግፊት መድኃኒታቸውን አቋርጠው እንደሆነም ጠይቋቸው።